እፉኝት ስትወልድ ሆዷን የሚቀደው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ወሎ፣ ሐርቡ አካባቢ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከማሽላ አገዳ ክምራችን ሥር ታናሽ ወንድሜ አንዲት ወፍራም እፉኝት አገኘና በዶማ ወገቧን መታት። ያ ረቢ! ከሆዷ ልጆች ወጡ። እንቁላል አይደለም፣ የሚላወሱ ልጆች። ሠላሳ ስንደርስ መቁጠሩን ተውነው። ገሚሶቹን ገደልን፣ ገሚሶቹ ክምሩ ውስጥ ገቡ። ማታ ቡና ላይ አጎቴ «ድሮስ የእፉኝት ልጅ የእናቱን ሆድ ቀዶ አይደል የሚወለደው፤ አባቱንም እናቱ በአፏ ስትፀንስ ነው የምትገድለው» አሉ። ጎረቤታችን ሸህዬም ቄሱም ይህንኑ ይላሉ። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ግን እባብ እንቁላል ይጥላል ተብሎ ነው። የቱ ነው ልክ? ወንዱ ሊበቀል ይመጣል የሚሉም አሉ። እኛ ደግሞ በሰፈራችን ሁለተኛ እፉኝት ካየን ዓመታት አልፈዋል፤ ታዲያ ይቺ ከማን አረገዘች? የቀሩት ግልገሎች መርዝ አላቸው? ክምሩንስ እንዴት እናንሳው?»

መልስ፦

ሆዷን የቀደደው ዶማው ነው። እናንተ ያያችሁት ምጥ ሳይሆን በምት የተከፈተ ማህፀን ነው፤ ግልገሎቹ በሕይወት የወጡትም የመወለጃ ቀናቸው ስለ ደረሰ ብቻ ነው። ያቺ እፉኝት ጥቂት ቀን ብትቆይ ኖሮ ልጆቿን በተፈጥሮ መውጫቸው አንድ በአንድ ወልዳ፣ ሆዷ ደህና ሆኖ፣ ተስባ በሄደች ነበር። ከሁሉም የሚቀድመው ግን የክምሩ ነገር ነው፦ እስካሁን ካላነሣችሁት ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ማንም እጁን አያስገባበት። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የትምህርት ቤቱ ነገር ግማሽ እውነት ነው። አብዛኞቹ እባቦች እንቁላል ይጥላሉ፤ ነገር ግን እባቦችንና እንሽላሊቶችን በጠቅላላው ብንወስድ አንድ አምስተኛው ገደማ ሕያው ልጅ ይወልዳል። ከአገራችን መርዘኞች መካከል ኮብራዎቹም ጥቁር ማምባም እንቁላል ጣዮች ናቸው። እናንተ የገደላችሁት ግን፣ ከነገሩኝ ሁሉ፣ በውጭው ስሙ ፐፍ አደር የሚባለው ነው፦ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ገላው ወፍራምና አጭር፣ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ፣ ጀርባው ላይ የቀስት ጫፍ የመሰለ ጥለት የተደረደረበት፣ ሲቆጣ ገላውን ነፍቶ እንደ ወናፍ የሚተነፍስ። እኛ «እፉኝት» ስንል ክፉ መርዝ ያለውን እባብ ሁሉ እንጠራበታለን፤ እኔ ከዚህ በታች ስለዚህኛው ነው የምናገረው። በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ይወልዳል። ከኬንያ ተወስዳ በቼክ አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የነበረች አንዲት ደግሞ 156 ወልዳለች፤ በእባብ ዘንድ ከዚህ የበለጠ አልተመዘገበም። ስለዚህ ሠላሳ ስትደርሱ መቁጠሩን መተዋችሁ አይገርመኝም።

«ሆዷ ውስጥ እንቁላሉን ትፈለፍላለች» የሚል አገላለጽ በቆዩ የመማሪያ መጻሕፍት አለ። እኔ አልወደውም፤ እናቲቱን ቅርጫት ያስመስላታል። ፅንሱ ጠንካራ ቅርፊት የለውም፤ የከበበው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአስኳሉ ነው። ትንፋሽና ውሃ ግን ከእናቱ ይወስዳል፤ የማህፀኗ የደም ሥሮችና የሽፋኑ የደም ሥሮች ተጠጋግተው ይተኛሉና አየሩ በዚያ በኩል ይተላለፋል። እንደ በግ እንግዴ ልጅ የዳበረ ባይሆንም የዚያው ሥራ ጅምር ነው።

ከዓመታት በፊት በመስታወት ሣጥን ውስጥ የነበረች አንዲት እፉኝት ስትወልድ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጅራቷን ከአሸዋው ትንሽ ከፍ አደረገች። ገላዋ ላይ ከመሃል ወደ ኋላ የሚሄድ መኮማተር ታየ፤ ከጅራቷ ሥር ያለው መውጫ ተከፈተና እንደ ሳሙና አረፋ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ አንድ ነገር የተጠቀለለበት ከረጢት ዱብ አለ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ከውስጥ አንድ አፍንጫ ሽፋኑን ገፋው፤ ሽፋኑ ተለጠጠ፣ ተቀደደ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጭንቅላት ብቅ ብሎ አፉን በሰፊው ከፈተ። ማዛጋት ይመስላል፤ የመጀመሪያ ትንፋሹ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ምላሱን እያወጣ ማሽተት ጀመረ። እናቲቱ ዞር ብላም አላየችው፤ ቀጣዩን ልትገፋ ጅራቷን እንደገና አነሣች። ሊነጋጋ ሲል ሃያ ሰባት ሆኑ። እሷ ቆዳዋ ተጨማዶ፣ እንደ ተራገፈ ስልቻ ጥግ ላይ ተጋድማ ነበር፤ ግን ሕያው ናት።

እንግዲህ «ቀዶ ይወለዳል» የሚለው ቃል ውሸት አይደለም፤ የተሳሳተው የሚቀደደው ነገር ላይ ነው። የሚቀደደው ሽፋኑ ነው፣ ያውም ከወጣ በኋላ። አጎትዎ የነገሯችሁ ትረካ ደግሞ ከእሳቸው አልጀመረም፤ ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው። ስለ እንስሳት ጠባይ እያወራ መንፈሳዊ ትርጉም የሚሰጠው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስ የእፉኝት ታሪክም አብሮ ገባ፦ ሴቷ በአፏ ትፀንሳለች፣ ወንዱ በዚያው ይሞታል፣ ልጆቹ የእናታቸውን ጎን ቀደው ይወጣሉ። መጥምቁ ዮሐንስ በማቴዎስ 3፥7 «እናንተ የእፉኝት ልጆች» ያለውን ለማስረዳት ሰባክያን እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። በወሎ ቡናውም ጎረቤቱም አንድ ነውና ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ትረካ ሸህዬ ቤት ለመድረስ የሚያግደው አጥር የለም። የወንጌሉን ቃል በዚህ ምክንያት የሚጠራጠር ካለ ግን አልተግባባንም፤ ዮሐንስ የተናገረው ስለ ሰው ልብ ነው፣ ስለ እባብ ማህፀን አይደለም።

ትረካው ከክርስትናም ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ሴቷ በሩካቤ ጊዜ የወንዱን አንገት ነክሳ እንደምትገድለው፣ ልጆቹም የአባታቸውን ደም ሊመልሱ ማህፀኗን በልተው እንደሚወጡ ጽፏል። ከእሱ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው ፈላስፋው አርስጣጣሊስ የተሻለ ዐይን ነበረው፤ ግልገሎቹ በሽፋን ተጠቅልለው እንደሚወጡና ከሃያ በላይ እንደሚሆኑ አስፍሯል። ግን እሱም ቢሆን «አንዳንዴ ከውስጥ በልተው ይወጣሉ» የምትለዋን ሳይጨምር አላለፈም። ለእኔ ምንጩ ግልጽ ይመስለኛል። በየዘመኑ ገበሬ እርጉዝ እፉኝት ይመታል፤ በተበጠሰው ሆድ በኩል ሕያው ልጆች ይወጣሉ፤ ያየው ሰው የራሱን ዶማ ረስቶ ልጆቹን ይከሳል። በእናንተ ክምር ሥር የሆነው ከሄሮዶቱስ በፊትም ሲሆን የኖረ ነገር ነው።

ነገር ግን በትረካው ውስጥ አንድ ሳይታወቅ የተነካ እውነት አለ፦ ወልዳ የምትሞት እናት በእርግጥ አለች። የሚገድላት ጥርስ አይደለም፣ ረሀብ ነው። ብዙ የእፉኝት ዓይነቶች ልጅ የሚወልዱት በየጊዜው በሚበሉት ሳይሆን አስቀድመው ባከማቹት ስብ ነው። ስቡ በቂ ካልሆነ ሴቷ ያንን ዓመት አትፀንስም፤ ትዘለዋለች። በአውሮፓ ቀዝቃዛ አገሮች የሚኖረው እፉኝት በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ነው የሚወልደው። እርግዝናው ሲገፋ ብዙዎቹ መብላቱን ይቀንሳሉ ወይም ጭራሽ ይተዉታል፤ ፀሐይ እየሞቁ መዋል ነው ሥራቸው። ከወለዱ በኋላ አጥንታቸው የሚቆጠር ይሆናል፤ አድኖ ለማገገም አቅም ያንሳል፣ ጭልፊቱም አይምርም። በምዕራብ ፈረንሳይ አስፒክ የተባለውን እፉኝት ምልክት እያደረጉ ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ሴቶች በዕድሜያቸው አንዴ ብቻ ወልደው እንደሚሞቱ አይተዋል። እናት ለልጇ ሰውነቷን ትሰጣለች ማለት በእፉኝት ቤት ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ ስብ ተመዝኖ የሚታይ ነገር ነው።

በአፍ መፀነስ የሚባለውን ግን ምንም ላተርፍለት አልችልም፤ ውሃ አያነሣም። የወንዱ ብልት ያለው ጅራቱ ሥር ነው፣ ያውም ጥንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንዱን ብቻ ነው። ግንኙነቱም መውለጃው በዚያው ከጅራት ሥር ባለው ቀዳዳ ነው። ወንዱ ሴቷ ጀርባ ላይ አገጩን እያሻሸ ወደ ፊት ስለሚሳብ ጭንቅላቱ ጭንቅላቷ አጠገብ ይደርሳል፤ ከሩቅ ያየ ሰው ሌላ ነገር ቢመስለው አልፈርድበትም። ሴት እፉኝት ወንዷን ቀርጥፋ አትገድልም። ወንዱን የምትውጥ እባብ በእርግጥ ትታወቃለች፤ እሷ ግን የደቡብ አሜሪካዋ አናኮንዳ ናት፣ መርዝም የላትም። ሁለት እፉኝቶች ተጠማዝዘው ራሳቸውን ቀና አድርገው ሲገፋፉ ካያችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት አይደሉም፤ ለአንዲት ሴት የሚታገሉ ሁለት ወንዶች ናቸው። ትግል እንጂ ንክሻ የለበትም፤ ያሸነፈው ይቆያል፣ የተሸነፈው ይሄዳል። ሴቷም ለአሸናፊው ብቻ የተሰጠች አይደለችም። በስዊድን በተደረገ ጥናት ከብዙ ወንዶች ጋር የተገናኙ ሴቶች ሞተው የሚወለዱባቸው ልጆች ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። እናንተ ከቆጠራችኋቸው ሠላሳዎቹ ውስጥ የሁለት ወይም የሦስት አባት ልጆች ቢኖሩ ምንም አይደንቅም።

«ከማን አረገዘች» ላሉት መጀመሪያ የሚቀርበው መልስ ቀላል ነው፦ ወንዱ ነበር፣ እናንተ አላያችሁትም። ይህ እባብ ተደብቆ የሚኖር እንጂ ሮጦ የሚያድን አይደለም፤ ካቡ ሥር፣ ቅጠሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ ይተኛል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሽታ እንዲለዩ የሠለጠኑ ውሾች አጠገቡ ሆነው እንኳ ሊያገኙት እንዳልቻሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ታይቷል። ውሻ ያላሸተተውን እናንተ ዓመታት አላያችሁትም ማለት የለም ማለት አይደለም። በመዋለጃው ወቅት ግን ወንዱ ጠባዩን ይለውጣል፤ ሴቷ የተወችውን ሽታ በምላሱ እየለቀመ ሩቅ ይሄዳል። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ያሉት አባቶች እዚህ ላይ አልተሳሳቱም፤ ልዩነቱ የሚተያዩት በዐይን ሳይሆን በምላስ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው መልስ ዘር ማቆየት ነው። ሴት እባብ የወንዱን ዘር በማህፀኗ ቱቦ እጥፋቶች ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ልታቆይ ትችላለች። አንዲት የሰሜን አሜሪካ መርዘኛ እባብ፣ ጅራታቸውን እያንቀጫቀጩ ድምፅ ከሚያሰሙት ወገን የሆነች፣ 5 ዓመት ያለ ወንድ ተቀምጣ 19 ልጆች ወልዳለች፤ የዘር ምርመራው አባት እንደነበራቸው አረጋግጧል። ስለዚህ ወንዱ አምና ወይም ካቻምና ሞቶ ሊሆንም ይችላል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ወሬው በስልክ ስለሚዞር ነው የማነሣው። ያለ አባት የሚወለዱ እባቦች አሉ። በማቆያ ውስጥ ብቻ የሚሆን ነገር ይመስል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ከዱር በተያዙ የሰሜን አሜሪካ መርዘኛ እባቦች ላይ በዘር ምርመራ ተረጋገጠ። በእባብ ዘንድ ሁለት ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም (ፆታን የሚወስን የዘር ክር) የምትሸከመው ሴቷ ናት፤ ወንዱ ሁለት ተመሳሳይ ነው ያለው። ያለ አባት የሚወለደው ከእናቱ አንዱን ዓይነት ብቻ ደግሞ ስለሚይዝ፣ በዚያ መንገድ የሚወለዱት የእነዚህ እባቦች ልጆች ወንዶች ይሆናሉ፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው፣ አብረዋቸውም ያልዳበሩ እንቁላሎች ይወጣሉ። ሠላሳና ከዚያ በላይ ጤነኛ ግልገል ከዚህ ጋር አይገጥምም። የእናንተዋ እፉኝት ባል ነበራት፤ ይህን ለመናገር ወደ ኋላ አልልም።

አሁን ወደምወደው ጥያቄ ልግባ፤ እርስዎ በቀጥታ ባይጠይቁትም ውስጡ አለ፦ ኮብራ እንቁላሏን ጥላ ስትሄድ እፉኝት ለምን ትሸከማለች? ሕያው መውለድ በእባቦችና በእንሽላሊቶች ዘንድ አንዴ ብቻ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በየዘሩ ለየብቻ ተፈጥሯል። መነሻው እንቁላሉን ትንሽ ማቆየት ነው። እንቁላል ጣይ የሆኑትም ቢሆኑ ፅንሱ ሆድ ውስጥ ትንሽ አድጎ ነው የሚጥሉት፤ በየትውልዱ ትንሽ ትንሽ ብታቆየው፣ ቅርፊቱም አየር እንዲያሳልፍ እየሳሳ ቢሄድ፣ መጨረሻው ልጅ መውለድ ይሆናል። ቆይታው የሚጠቅመው የት ነው ከተባለ አንዱ መልስ ብርድ ነው። ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የተቀበረ እንቁላል አይበስልም፤ እናቱ ግን ጠዋት ከካቡ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ቀትር ላይ ጥላ ትገባለች፣ ማታ የሞቀ ድንጋይ ሥር ትተኛለች። እሷ ራሷ ምድጃ ትሆናለች። እንቁላል ደግሞ ጉንዳን ይበላዋል፣ ሻጋታ ያበላሸዋል፣ ድርቅ ያደርቀዋል።

ዋጋው ግን ክብደቱ ነው። እርጉዝ እባብ መሮጥ አትችልም። እዚህ ላይ መርዝና አኗኗር ይገቡበታል። ኮብራ እየዞረ፣ እያሳደደ የሚበላ ነው፤ ወራት ሙሉ ሆዱ ከብዶ ቢውል ይራባል። እፉኝት ግን እርጉዝ ባትሆንም ተቀምጣ ነው የምታድነው፤ አይጥ ራሱ እስኪመጣ ትጠብቃለች፣ አንዴ ነክሳ ትለቀዋለች፣ መርዙ ሥራውን ይሠራል። ጠላት ሲመጣባትም የምትተማመነው በመደበቅና በመርዟ ነው። ቀድሞውንም የማይሮጥ እንስሳ ቢከብድ የሚያጣው ጥቂት ነው። በእኔ እይታ ከቀረቡት ማብራሪያዎች ለዚህ ለእኛው እፉኝት አጥጋቢው ይሄ ነው፤ እሱ በቆላም ስለሚኖር ብርድ ብቻውን አይገልጸውም።

ግን ሕግ አድርጋችሁ አትያዙት። ከእፉኝት ወገን ሆነው እንቁላል የሚጥሉ አሉ፤ ናይት አደር የሚባለው አንዱ ነው። በምሥራቁ ቆላችን ያለው ቅርፊቱን እርስ በርሱ እያፋተገ እንደ መጋዝ የሚያንሿሿው ትንሹ እፉኝትም እንቁላል ጣይ ነው፤ የሚገርመው የህንዱ የቅርብ ዘመዱ ሕያው ይወልዳል። በተቃራኒው ከኮብራ ዘመዶች የደቡብ አፍሪካው ሪንካልስ ልጅ ይወልዳል። ከባሕር እባቦችም አብዛኞቹ ውሃ ውስጥ ይወልዳሉ፣ ጥቂቶቹ ግን እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ደረቅ ምድር ይወጣሉ። ቡሽማስተር የተባለው የደቡብ አሜሪካ የእፉኝት ዘመድ ደግሞ ሕያው በሚወልዱ ዘመዶች መሃል ብቻውን እንቁላል ይጥላል፤ ዘሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሁን ወይስ ድሮውንም አልተለወጠም በሚለው እስከ ዛሬ ክርክር አለ።

ወንዱ ይበቀላል ስለሚባለው አጭር ነው፤ እባብ ሚስቱን አያውቅም፣ የገዳይ ፊት አይለይም። በመዋለጃው ወቅት የሴቷን ሽታ ተከትሎ የመጣ ወንድ ገድላችሁ ጎትታችሁ በጣላችኋት መስመር ላይ ሊገኝ ይችላል፤ በቀል የተባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው። ሬሳዋን ከቤት ርቃችሁ ቅበሩት፣ ያበቃል። ስትቀብሩ ግን በእጅ አይደለም፤ የሞተ እባብ ጭንቅላት፣ ተቆርጦ እንኳ፣ ከሞተ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሊነክስ ይችላል። በአካፋ ይነሣ። ሕፃናት ጭንቅላቱን እያነሡ እንዳይጫወቱበት።

ግልገሎቹ መርዝ አላቸው፤ ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ፣ ጥርሳቸውም መርዛቸውም ለሥራ ዝግጁ ነው። ርዝመታቸው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአገዳ ልጣጭ ይመስላሉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ እናንተ አሁን ልጥ ሁሉ እባብ ቢመስላችሁ ይሻላችኋል። በሌላ በኩል «ልጁ ከእናቱ ይበልጥ አደገኛ ነው፣ መርዙን መቆጣጠር አያውቅም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ትልቁ እባብ የሚለቀው መርዝ ከግልገሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን ትንሽ ጣት ላይ፣ ያውም የሕፃን ጣት ላይ፣ የግልገልም ንክሻ ቀላል አይደለም።

ስለ ክምሩ የምለው ይህ ነው፦ ሁለት ሳምንት ያህል አትንኩት። የእፉኝት ግልገል እናቱን አይጠብቅም፣ ተሰብስቦም አይኖርም፤ በቀናት ውስጥ የመጀመሪያ ቆዳውን ይገፋል፣ ከሆዱ በተረፈ አስኳል ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ እንቁራሪትና ትንንሽ ነገር ፍለጋ ይበታተናል። ብዙዎቹንም ዶሮው፣ ጭልፊቱና ድመቱ ይለቅሟቸዋል፤ ሠላሳና አርባ የሚወለደው አብዛኛው ስለማይተርፍ ነው። ከብቱ ተርቦ መጠበቅ ካልተቻለ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ቦት ጫማ ወይም ወፍራም ሽፍን ጫማ ተጫምታችሁ፣ ረጅም እጀታ ባለው መንሽ ከላይ ወደ ታች አንድ አንድ ንብርብር እየሳባችሁ መሬት ላይ ዘርጉት፤ ተራግፎ ሳይታይ ማንም አቅፎ አይሸከመው። ማታ አታንሡ። በእሳት ለማባረር አትሞክሩ፤ አገዳውን ታጣላችሁ፣ እባቡ ግን ከሥር ጉድጓድ አለው። ያገኛችሁትን ግልገል በመንሹ ወደ ቁጥቋጦ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ቆሞ የሚደበድብ ሰው ራሱን ለንክሻ ያጋልጣል፤ ታናሽ ወንድምዎ ከዶማ እጀታ ርቀት ላይ ሆኖ ያንን ማድረጉ ዕድል ሆኖለት ነው።

ሰው ቢነከስ፦ የዚህ እባብ መርዝ ሥጋ የሚያሳብጥ፣ የሚያበሰብስ ነው፤ ሕመሙ ወዲያው ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ እንደ ማምባ በፍጥነት ትንፋሽ አያቆምም፣ ጊዜ ይሰጣል። ያ ጊዜ ግን የመኪና ጊዜ ነው፤ በምላጭ የመብጣት፣ የመምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ የመለጠፍ ወይም ቅጠል የመውቀጥ አይደለም። በገመድ ጠብቆ ማሰር በዚህ እባብ ላይ እግር ሊያስቆርጥ ይችላል፤ መርዙን አንድ ቦታ ያስቀምጠዋልና። አንባር፣ ቀለበት፣ አልቦ እብጠቱ ሳይመጣ ይውለቅ፤ የተነከሰው እጅ ወይም እግር በእንጨት ተደግፎ አይነቃነቅ፤ ሰውየው አይራመድ፣ ተሸከሙት። ዱዓውም ጸሎቱም መንገድ ላይ ይቀጥል፣ መኪናውን ግን አያስቁም። ጤና ተቋም ስትደርሱ እፉኝት መሆኑን ተናገሩ፤ ለህንድ እባቦች የተዘጋጀ ፀረ-መርዝ ለአፍሪካ እፉኝት አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን እ.ኤ.አ. በ2017 ከተዘነጉ የሐሩር በሽታዎች ተራ ያስገባው መድኃኒቱ ከሚነከሰው ገበሬ ርቆ ስለሚቀመጥ ጭምር ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ሰው ሳይነከስ፣ ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደውሉና የአፍሪካ እባብ ፀረ-መርዝ ቅርብ የሚገኘው የት እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱን በር ላይ ጻፉት።

እፉኝቷን ክምሩ ሥር ያመጣት አይጥ ነው። ማሽላው ሲቆረጥ አይጡ ወደ ክምሩ ይገባል፣ እሷም ትከተለዋለች። ለሚቀጥለው ዓመት አገዳውን ከቤቱና ከልጆች መተላለፊያ ራቅ አድርጋችሁ፣ መሬት ላይ ሳይሆን ቆጥ ሠርታችሁ ከምሩት። ቆጡ ጉልበት ያህል ከፍ ይበል፤ ማታ በባትሪ ስታበሩ ሥሩ ከዳር እስከ ዳር የሚታይ ይሁን።